የመላክ ፍጻሜና የምስክሩ ወሰን፤ ስለ ዩኤስቢ መሣሪያ ፈርምዌር የቀረበ ዳሰሳ

መልእክት የሚላክበት ሥርዓት ሁሉ ሁለት ጥያቄዎችን ሊመልስ ይገባዋል፤ አንደኛው መልእክቱ በምን መንገድ እንደሚሄድ፣ ሁለተኛውም መድረሱ በማን ምስክርነት እንደሚታወቅ ነው። የቁልፍ ሰሌዳውን፣ ፍላሹን፣ ማተሚያውንና የላቦራቶሪውን መለኪያ ሳይቀር ከኮምፒዩተር ጋራ በሚያገናኘው በዩኤስቢ ረገድ፣ የፊተኛው ጥያቄ በብዙ መጻሕፍት በሰፊው ተብራርቶ ሲገኝ፣ የኋለኛው ግን በየቺፑ መመሪያ ተበታትኖና በየፕሮግራም ጸሐፊው ልማድ ተከፋፍሎ ይኖራል። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ያንኑ ሁለተኛውን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በመሣሪያው ውስጥ የሚሠራው ፈርምዌር በአንድ ኤንድፖይንት፣ ማለት መረጃ በሚያልፍበት የመሣሪያው በር፣ ላይ መረጃ ከጻፈ በኋላ «ተፈጸመ» የሚል ምልክት ሲደርሰው፣ ምልክቱ ስለ ምን እንደሚመሰክር፣ ምልክቱን ተቀብሎ ምን ማድረግ እንደሚገባው፣ ምልክቱ በቀረ ጊዜም እንዴት ሊጸና እንደሚችል ነው።

የዳሰሳውን ፍርድ አስቀድሞ መናገር ለአንባቢው መንገዱን ያቀናለታልና በአጭሩ እነሆ፤ የፍጻሜ ምልክት እውነተኛ ምስክር ነው፣ ነገር ግን የሚመሰክረው ባየው ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ የፈርምዌር ጸሐፊ ቀዳሚ ግዴታ የምስክሩን ወሰን ለይቶ ማወቅ ሲሆን፣ ከዚያ የሚከተለው ግዴታ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጽሕፈት አንድ ፍጻሜ፣ ከአንድ ያላነሰ ከአንድም ያልበለጠ፣ ከእውነተኛው ምክንያቱ ጋራ መስጠት ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ የነዚህ የሁለቱ ግዴታዎች ትርጓሜ ነው።

ስለ ሥርዓቱ ጠባይ

ዳሰሳው የሚመለከተው እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. በወጣው በዩኤስቢ 1.1 እና እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በወጣው በዩኤስቢ 2.0 ደንብ የሚሄዱትን መሣሪያዎች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. የመጣው ሦስተኛው ዕትም የራሱ የሆነ ሌላ የመልስ አሰጣጥ ስላለው ለብቻው ሊመረመር ይገባዋል። በነዚህ በሁለቱ ዕትሞች የመናገር ሥልጣን ሁሉ በኮምፒዩተሩ እጅ ነው፤ መሣሪያው ካልተጠየቀ በቀር አንድ ባይት እንኳ በገመዱ ላይ ሊያወጣ አይፈቀድለትም። ኮምፒዩተሩ ለአንድ ኤንድፖይንት የመጠየቂያ ቶክን ይልካል፤ መሣሪያው ያዘጋጀው ነገር ያለው እንደ ሆነ የመረጃውን ፓኬት ይሰጣል፤ የሌለው እንደ ሆነ «ናክ» ብሎ ገና አለመዘጋጀቱን ያስታውቃል፤ ኤንድፖይንቱ የታገደ እንደ ሆነ «ስቶል» ይላል። ኮምፒዩተሩም የተሰጠውን ፓኬት ባለ 16 ቢት በሆነው መመርመሪያ ቁጥር ፈትሾ ደኅና ሆኖ ባገኘው ጊዜ «አክ» ሲል መቀበሉን ያጸናል፤ የተበላሸ ሆኖ ባገኘው ጊዜ ግን ዝም ይላል።

በሴኮንድ 12 ሜጋቢት በሚሄደው ፍጥነት ኮምፒዩተሩ ከጠየቀ በኋላ መልስ የሚጠብቀው ከ16 እስከ 18 ቢት በሚያልፍበት ጊዜ ያህል፣ ማለት ከ1.5 ማይክሮሴኮንድ ለማይበልጥ ቅጽበት ብቻ ነው። ፈርምዌሩ ጥያቄው ከመጣ በኋላ መልሱን ላሰናዳ ቢል ይህ ጊዜ ከቶ አይበቃውም፤ ስለዚህ መልሱ አስቀድሞ በዩኤስቢው ሃርድዌር ቋት ውስጥ ተቀምጦ ጥያቄውን መጠባበቅ አለበት። ፈርምዌሩ መረጃውን በቋቱ ያስቀምጣል፤ የሚነሣበትን ሰዓት የሚወስነው ግን ኮምፒዩተሩ ነው። በማስቀመጥና በመነሣት መካከል ያለው ጊዜ ከአንድ ሚሊሴኮንድ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒዩተሩ ያልጠየቀ እንደ ሆነ ደግሞ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ቀን ሊሆን ይችላል። የፍጻሜ ምልክት ያስፈለገበት ምክንያት ይህ በመካከል ያለው፣ መጠኑ ያልታወቀው ጊዜ ነው።

ከአራቱ የዝውውር ዐይነቶች ሦስቱ፣ ማለት ኮንትሮል፣ ባልክና ኢንተራፕት የሚባሉት፣ በ«አክ» የሚጸኑ ሲሆኑ፣ ለድምፅና ለሥዕል የሚያገለግለው አይሶክሮነስ ግን ምንም መልስ የለውም። በእርሱ ዘንድ የፍጻሜ ምልክት ፓኬቱ በገመዱ ላይ መውጣቱን ከመናገር አልፎ መድረሱን ሊመሰክር አይችልም፤ የጠፋውም ፓኬት ተመልሶ አይላክም፤ ምክንያቱም ጊዜው ያለፈበት ድምፅ ቢደርስም ጥቅም የለውምና።

በ«አክ» በሚጸኑት ዘንድ ደግሞ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ምሥጢር አለ። ኮምፒዩተሩ ፓኬቱን በደኅና ተቀብሎ የላከው «አክ» ራሱ በመንገድ ላይ ቢበላሽ፣ መሣሪያው እንዳልደረሰለት ቆጥሮ በሚቀጥለው ጥያቄ ያንኑ ፓኬት በዚያው፣ በየፓኬቱ በሚፈራረቀው፣ የዳታ ዜሮ ወይም የዳታ አንድ ምልክት ደግሞ ይሰጣል፤ ኮምፒዩተሩም ምልክቱ አለመለወጡን አይቶ ድጋሚ መሆኑን ይረዳና ፓኬቱን ጥሎ «አክ» ይላል። በዚህ ጥበብ መረጃ አይጠፋም፣ አይደገምምም። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት የፍጻሜው ምስክርነት በአንድ በኩል ብቻ የሚያዝ መሆኑ ነው፤ የፍጻሜው ምልክት ከመጣ መረጃው ኮምፒዩተሩ ዘንድ በእርግጥ ደርሷል፤ ምልክቱ ካልመጣ ግን አልደረሰም ብሎ መደምደም አይቻልም። በ«አክ»ው መጥፋትና በድጋሚው ጥያቄ መካከል ገመዱ ቢነቀል፣ ኮምፒዩተሩ የተቀበለውን ነገር መሣሪያው እንዳልተላከ አድርጎ ይመዘግበዋል። ስለዚህ ገመዱ ተመልሶ ሲገናኝ ያልተፈጸመውን መረጃ እንደገና የሚልክ መሣሪያ፣ ኮምፒዩተሩ ድጋሚውን ለይቶ ያውቅ ዘንድ በመልእክቱ ውስጥ ተራ ቁጥር ሊያኖርበት ይገባል።

ምስክሩ የቆመበት ስፍራ

ፍጻሜ ተብሎ የሚነገረው ነገር በየቺፑ አንድ ዐይነት አይደለም፤ ከዚህም የተነሣ በአንዱ ቺፕ ላይ ለዓመታት የሠራ ፈርምዌር ወደ ሌላው ሲሻገር ምክንያቱ ያልታወቀ ስሕተት ያሳያል። ደብዳቤ የያዘ መልእክተኛ ከቤቱ መውጣቱን የሚያይ፣ ደብዳቤውን ለበረኛው ማስረከቡን የሚያይ፣ ጌታው ከፍቶ ማንበቡን የሚያይ ሦስት ምስክሮች ሁሉም «ደብዳቤው ሄደ» ቢሉ አንዳቸውም አልዋሹም፤ ይሁን እንጂ በሦስቱ ቃል መካከል ያለው ልዩነት ታላቅ ነው። የቺፖቹም ነገር እንዲሁ ነው።

ይህን ልዩነት ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የኖርዲክ ኩባንያ ቺፕ ኤንአርኤፍ52840 ነው። በእርሱ ዘንድ ሁለት ልዩ ልዩ ምልክቶች ተሠርተዋል፤ «ኤንድኢፒኢን» የሚባለው መረጃው ከፈርምዌሩ ማኅደር ተነሥቶ በዩኤስቢው የውስጥ ቋት መግባቱን ይናገራል፤ «ኢፒዳታ» የሚባለው ደግሞ ኮምፒዩተሩ ፓኬቱን ተቀብሎ «አክ» ማለቱን ያስታውቃል። በፊተኛው ምልክት ፈርምዌሩ የራሱን ማኅደር ለሌላ ሥራ ሊጠቀምበት ይችላል፤ በዚያው ኤንድፖይንት ላይ የሚቀጥለውን ፓኬት ለማስቀመጥ ግን የኋለኛውን መጠበቅ አለበት። ሁለቱን አንድ አድርጎ የቆጠረ ጸሐፊ ያልተነሣውን ፓኬት በአዲሱ ደምስሶ መረጃ ያጠፋል።

በአርዱኢኖ ሌዮናርዶ ላይ ያለው አትሜጋ32ዩ4 ደግሞ በጠቅላላው 832 ባይት የሆነ የዩኤስቢ ማኅደር ሲኖረው፣ «ቲኤክስኢንአይ» የተባለው ምልክቱ የሚለው «ባዶ ባንክ አለ፣ ልትሞላው ትችላለህ» ነው። ኤንድፖይንቱ በሁለት ባንክ፣ ማለት በሁለት የፓኬት ቋት፣ የተሠራ እንደ ሆነ፣ ይህ ምልክት በሚበራበት ጊዜ ከፊተኛው ባንክ ያለው ፓኬት ገና ያልተጠየቀ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ምልክቱ ስለሚመጣው ጽሕፈት ፈቃድ የሚሰጥ እንጂ ስላለፈው ጽሕፈት የሚመሰክር አይደለም፤ የተጻፈው ሁሉ በእርግጥ መነሣቱን ለማወቅ የተያዙትን ባንኮች ብዛት የሚያሳየውን «ኤንቢዚቢኬ» የተባለ ቁጥር ማንበብና ዜሮ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

በኤስቲኤም32 ቤተሰብ ሁለት ልዩ ልዩ ሃርድዌሮች ይገኛሉ። ቀላሉ፣ በኤፍ103 ላይ ያለው፣ 512 ባይት የፓኬት ማኅደር ይዞ፣ ልውውጡ በ«አክ» ሲጸና «ሲቲአር ቲኤክስ» የተባለውን ቢት ያበራል፤ ምስክርነቱም በአንድ ፓኬት የተወሰነ ነው። ከሲኖፕሲስ ኩባንያ የመጣውና በኤፍ4 ላይ ያለው ግን ብዙ ፓኬት ያለበትን ዝውውር በአንድ ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ሥራው በውስጥም በገመዱም ላይ ሲያልቅ «ኤክስኤፍአርሲ» የተባለውን ምልክት ይሰጣል። ከእርሱ አጠገብ «ቲኤክስኤፍኢ» የተባለ ሌላ ምልክት ስላለ፣ ይህ ግን የሚለው የቋቱን መጉደል ወይም ባዶ መሆን ብቻ ስለ ሆነ፣ አንዱን በሌላው ፋንታ መውሰድ አይገባም። በራስበሪ ፓይ ፒኮ ላይ ያለው አርፒ2040 ደግሞ 4 ኪሎባይት የጋራ ማኅደር ሲኖረው፣ እያንዳንዱ ቋት «አቬይለብል» በሚባል ቢት ከፈርምዌሩ ወደ ሃርድዌሩ ይተላለፋል፤ ሃርድዌሩም ሲጨርስ ቢቱን አጥፍቶ ቋቱን ይመልሳል። ፕሮሰሰሩና ዩኤስቢው በተለያየ የሰዓት ምት ስለሚሄዱ፣ ሌሎቹ ቢቶች ተጽፈው ጥቂት ምት ካለፈ በኋላ ነው ይህ ቢት ሊበራ የሚገባው።

እነዚህ ሁሉ በሚለያዩበት መካከል አንድ የሚስማሙበት ነገር አለ፤ አንዳቸውም በኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም መረጃውን አነበበ ብለው አይመሰክሩም። «አክ» የሚለው የኮምፒዩተሩ የዩኤስቢ ሃርድዌር ነው፤ ከዚያ በኋላ መረጃው በድራይቨሩ ማኅደር ሊቆይ፣ ፕሮግራሙም ሳያነበው ሊዘጋ ይችላል። መጥፋቱ ጉዳት የሚያመጣ መረጃ እንደ ሆነ፣ ለምሳሌ ከመለኪያው ማኅደር ሊሰረዝ ያለ የሕሙማን መዝገብ ቢሆን፣ ፕሮግራሙ ራሱ «ተቀብያለሁ» የሚል መልእክት እስኪመልስ ድረስ መሣሪያው የራሱን ቅጂ መያዝ አለበት። ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ለእንዲህ ያለው መረጃ አይበቃም።

ምልክቱን ስለ መቀበል

የፍጻሜ ምልክት ሲመጣ የሚደረገው ሥራ ትንሽ ቢመስልም ቅደም ተከተሉ ጥብቅ ነው። መጀመሪያ ምልክቱ ይነበባል፤ ሁለተኛ ይጠፋል፤ ሦስተኛ ኤንድፖይንቱ ነጻ መሆኑ ይመዘገባል፤ በመጨረሻ ጽሕፈቱን ላዘዘው ክፍል ይነገራል። ይህ ተራ የተዛባ እንደ ሆነ፣ ለምሳሌ ምልክቱ የጠፋው ከተነገረ በኋላ ቢሆን፣ የተነገረው ክፍል ወዲያው ሌላ ጽሕፈት ሊያዝዝ፣ ያም ጽሕፈት በፍጥነት ሊፈጸም፣ አዲሱም ምልክት ከአሮጌው ጋራ አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ፈርምዌሩ የማይመጣ ፍጻሜ ሲጠባበቅ ይኖራል። እንዲህ ያለው ስሕተት በሺህ ጊዜ አንድ ጊዜ የሚታይ ስለ ሆነ ከፈተና አምልጦ ተጠቃሚው ቤት ይደርሳል።

በኤፍ103 ላይ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ይሆናል፤ ምክንያቱም የመላኪያውና የመቀበያው የፍጻሜ ቢቶች በአንድ ሬጂስተር ውስጥ ሆነው ዜሮ ሲጻፍባቸው የሚጠፉ ሲሆኑ፣ የሁኔታ ቢቶቹ ግን አንድ ሲጻፍባቸው የሚገለበጡ ናቸው። የተነበበውን እንዳለ መልሶ መጻፍ በሌላ ስፍራ ምንም ጉዳት የሌለው ልማድ ሲሆን፣ በዚህ ግን ሳያውቁ ሁኔታን መለወጥና በመካከል የመጣውን የሌላውን አቅጣጫ ፍጻሜ መደምሰስ ነው። ስለዚህ የመላኪያውን ፍጻሜ የሚያጠፋ ሰው በመቀበያው የፍጻሜ ቢት ላይ አንድ፣ በሚገለበጡት ቢቶች ላይ ደግሞ ዜሮ ሊጽፍ ይገባዋል።

ምልክቱን ለማን፣ በየት ሆኖ መንገር ይገባል የሚለውም ጥያቄ ሦስት መልሶች አሉት። አንደኛው ፈርምዌሩ ራሱ እየተመላለሰ ምልክቱን እንዲመለከት ማድረግ ነው፤ ይህ ለማንበብም ለመመርመርም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሌላው ሥራ ሲረዝም ዩኤስቢው ይጠብቃል። ሁለተኛው በፕሮሰሰሩ ኢንተራፕት፣ ከዝውውሩ ዐይነት ጋራ በስም ብቻ በሚመሳሰለው፣ ውስጥ በቀጥታ መንገር ነው፤ ይህ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የሚነገረው ክፍል እዚያው ውስጥ ሊቆይ፣ ሊተኛ ወይም ረዥም ስሌት ሊያደርግ አይችልም። ሊኑክስ ራሱ የዩኤስቢ መሣሪያ ሆኖ በሚሠራበት በጋጀት ሥርዓት የተደነገገው ይህ ነው፤ የእያንዳንዱ ጽሕፈት ጥያቄ የማስታወቂያ ተግባሩን ይዞ ይገባል፤ ያም ተግባር ኢንተራፕቶች በተዘጉበት ሁኔታ ይጠራል፤ እንዲተኛም አይፈቀድለትም። ሦስተኛው በኢንተራፕቱ ውስጥ ዜናውን በወረፋ ላይ መመዝገብ ብቻ፣ መንገሩን ግን ለዋናው የሥራ ዑደት መተው ነው፤ ታይኒዩኤስቢ የተባለው በብዙ ቺፖች ላይ የሚሠራው ነጻ ሶፍትዌር የመረጠው ይህን ነው። ሦስተኛው መንገድ ጥቂት መዘግየት ቢኖርበትም፣ ማስታወቂያው ጽሕፈትን እያዘዘ፣ ጽሕፈቱም ማስታወቂያን እየጠራ ቁልል ማኅደሩን እስኪያጥለቀልቅ ድረስ የሚሄደውን ሰንሰለት ስለሚቆርጥ፣ ለአብዛኛው ሥራ የተሻለው እርሱ ነው።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን አንድ ሕግ አይሻርም፤ ጽሕፈቱ ከታዘዘበት ጊዜ ጀምሮ ፍጻሜው እስኪመጣ ድረስ የመረጃው ማኅደር የሃርድዌሩ ነው፤ ፈርምዌሩ ሊነካው አይገባም። ይህን ሕግ ከሚጥሱት መካከል ዋነኛው በአንድ ተግባር ውስጥ የተፈጠረን ጊዜያዊ ማኅደር ያለ ፕሮሰሰሩ ማኅደርን ለሚያነበው ለዲኤምኤ አስረክቦ ከተግባሩ መውጣት ነው፤ ስፍራው ለሌላ ሥራ ስለሚውል ኮምፒዩተሩ የሚቀበለው የተደባለቀ ነገር ይሆናል። ካሽ ባላቸው እንደ ኮርቴክስ ኤም7 ባሉ ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ ጽሕፈቱ ከመታዘዙ በፊት የካሹ ይዘት ወደ ዋናው ማኅደር መውረድ አለበት፤ አለዚያ ዲኤምኤው አሮጌውን አንብቦ ይልካል፤ ፍጻሜውም ያለ ምንም ስሕተት እንደ ተከናወነ ሆኖ ይነገራል።

የቁልፍ ሰሌዳ ነገር ለዚህ ሁሉ መልካም ማስረጃ ነው። መደበኛው የቁልፍ ሰሌዳ መልእክት 8 ባይት ነው፤ ቁልፉ ሲጫን አንድ፣ ሲለቀቅም ሌላ መልእክት ይጻፋል። ፈርምዌሩ የመጫኑ መልእክት ሳይፈጸም የመለቀቁን በላዩ ቢጽፍበት ፊደሉ ከናካቴው ይጠፋል፤ ኤንድፖይንቱ ሥራ ላይ ነው ብሎ የመለቀቁን መልእክት ቢጥለው ደግሞ ኮምፒዩተሩ ቁልፉ እንደ ተጫነ ቆጥሮ ያንኑ ፊደል ያለማቋረጥ ይደጋግማል። መድኃኒቱ መልእክቶቹን በወረፋ ማኖርና የሚቀጥለውን የፊተኛው ፍጻሜ ሲመጣ ብቻ ማስቀመጥ ነው።

ስለ ረዥም መልእክት መጨረሻና ስለ ኤንድፖይንት ዜሮ

በ12 ሜጋቢት የባልክ ፓኬት ከፍተኛ መጠኑ 64 ባይት፣ በ480 ሜጋቢት ደግሞ 512 ባይት ስለ ሆነ፣ ከዚህ የሚረዝም መልእክት ተከፋፍሎ ይሄዳል። ኮምፒዩተሩ የመልእክቱን ማለቅ የሚያውቀው የጠየቀው መጠን ሲሞላ ወይም ከከፍተኛው መጠን ያነሰ ፓኬት ሲመጣለት ነው። እንግዲህ 100 ባይት ቢላክ 64ና 36 ሆኖ ይሄዳል፤ ሁለተኛው አጭር ስለ ሆነም መጨረሻነቱ ይታወቃል። 128 ባይት ቢላክ ግን ሁለቱም ፓኬቶች ሙሉ ስለ ሆኑ፣ ከዚያ የበለጠ የጠየቀው ኮምፒዩተር ሌላ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ምንም ባይት የሌለበት ባዶ ፓኬት ሊከተል ይገባል። ፍጻሜን በሚመለከት ከዚህ የሚወጣው ደንብ፣ ላዘዘው ክፍል «ተፈጸመ» የሚባለው ባዶው ፓኬት ራሱ ሲፈጸም እንጂ የመጨረሻው ሙሉ ፓኬት ሲነሣ አይደለም የሚል ነው። በኤፍ4 ሃርድዌር ሙሉ ፓኬቶቹና ባዶው ፓኬት በሁለት የተለዩ ዝውውሮች ሊታዘዙ ይገባል፤ በሊኑክስ ጋጀት ደግሞ በጥያቄው ላይ ያለው «ዚሮ» የተባለ ምልክት ይህንኑ ያዝዛል።

ኤንድፖይንት ዜሮ፣ መሣሪያው የሚታወቅበትና የሚታዘዝበት በር፣ የፍጻሜን ነገር ከሁሉ አክብሮ የሚይዝ ነው። ኮምፒዩተሩ ለመሣሪያው አዲስ አድራሻ ሲሰጥ፣ ደንቡ መሣሪያው አድራሻውን የሚለውጠው የትእዛዙ መጨረሻ የሆነው የማጽኛው ደረጃ ከተፈጸመ በኋላ እንዲሆን ያዝዛል፤ የማጽኛው ባዶ ፓኬት በአሮጌው አድራሻ መሄድ አለበትና። በኤፍ103 ላይ ፈርምዌሩ አዲሱን አድራሻ ይዞ ቆይቶ በፍጻሜው ምልክት ጊዜ ይጽፈዋል፤ በሲኖፕሲሱ ሃርድዌር ግን ትእዛዙ እንደ ደረሰ ወዲያው መጻፍ ይገባል፤ ጊዜውን የሚጠብቀው ሃርድዌሩ ራሱ ነው። አንዱን ልማድ ወደ ሌላው ያመጣ ሰው መሣሪያው በኮምፒዩተሩ ዘንድ ከቶ እንዳይታወቅ ያደርጋል። እንደዚሁም «እንደገና ተነሣ» የሚል ትእዛዝ የተቀበለ ፈርምዌር፣ የማጽኛው ፓኬት ሳይፈጸም ራሱን ቢያጠፋ፣ ኮምፒዩተሩ ዝምታውን እንደ እምቢታ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ መጥፋቱ ከፍጻሜው ምልክት በኋላ ሊሆን ይገባል።

ያለ ስኬት ስለሚመጣ ፍጻሜ

እስካሁን የተነገረው ነገሩ በቀናበት ጊዜ ነው፤ የፈርምዌር ብርታት የሚታወቀው ግን ነገሩ በተሰናከለበት ጊዜ ነው። ከሁሉ የሚበዛው መሰናክል ኮምፒዩተሩ አለመጠየቁ ነው። መሣሪያው በተከታታይ ወደብ ዐይነት በሲዲሲ የተሠራ እንደ ሆነና በኮምፒዩተሩ ላይ ወደቡን የከፈተ ፕሮግራም ከሌለ፣ ለምሳሌ የሊኑክስ ድራይቨር ወደቡ እስኪከፈት ድረስ የንባብ ጥያቄ አያቀርብም። የመጀመሪያው ጽሕፈት በቋቱ ተቀምጦ ይቀራል፤ ፍጻሜውም አይመጣም። ፍጻሜውን በዑደት ቆሞ የሚጠብቅ ፈርምዌር በዚህ ጊዜ ሥራውን ሁሉ ያቆማል፤ መሣሪያው ከኮምፒዩተር ጋራ ሲሆን የሚሠራ፣ ብቻውን ኃይል ሲያገኝ ግን የሚደርቅ ይሆናል። ይህ ስሕተት እጅግ የተለመደ ነው፤ መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ወደቡ መከፈቱን የሚያመለክተውን «ዲቲአር» የተባለ ምልክት መመልከት፣ ለመጠበቅ የጊዜ ወሰን ማበጀት፣ ወረፋው ሲሞላም የትኛው መረጃ እንደሚጣል አስቀድሞ መወሰን ነው። ለመቆጣጠሪያ ጽሑፍ አሮጌውን መጣል ሲገባ፣ ለመለኪያ መዝገብ ግን ወደ ቋሚ ማኅደር ማስገባት እንጂ መጣል አይገባም።

ሁለተኛው መሰናክል ገመዱ ሲነቀል፣ የባስ ሪሴት ሲመጣ ወይም ኮምፒዩተሩ አዲስ ውቅር ሲያዝዝ በመንገድ ላይ ያለው ጽሕፈት መቋረጡ ነው። በዚህ ጊዜ ሃርድዌሩ የፍጻሜ ምልክት አይሰጥም፤ ስለዚህ ፈርምዌሩ ራሱ ለእያንዳንዱ ያልተፈጸመ ጽሕፈት «ተቋረጠ» የሚል ፍጻሜ ሊሰጥ ይገባዋል። በዚህ ረገድ የሊኑክስ ሥርዓት ሊከበር የሚገባው ምሳሌ ነው፤ የቀረበ ጥያቄ ሁሉ በአንድ ፍጻሜ ይመለሳል፤ በዚያም ላይ ጥያቄው በራሱ አዛዥ የተሰረዘ እንደ ሆነ አንድ፣ ኤንድፖይንቱ የተዘጋ እንደ ሆነ ሌላ የምክንያት ቁጥር ይሰጠዋል፤ በእርግጥ የሄደውም የባይት ብዛት ይጻፍበታል። ይኸው ሥርዓት ከተቋረጡ ዝውውሮች በኋላ በሃርድዌሩ ቋት ውስጥ ኮምፒዩተሩ ያላነሣው መረጃ ሊቀር እንደሚችል፣ ያም መረጃ አስቀድሞ እንደ ተፈጸመ የተነገረለት ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ያስታውቃል፤ ለዚሁም የቋቱን ሁኔታ የሚጠይቅና ቋቱን የሚያጸዳ ተግባር አዘጋጅቷል። የምስክሩን ወሰን እንዲህ በቅንነት የሚናገር ሥርዓት ለተጠቃሚው ታላቅ አገልግሎት ያደርጋል።

ሦስተኛው መሰናክል ከሁለተኛው የሚወለድ ነው። ፍጻሜዎች በወረፋ በሚነገሩበት ፈርምዌር ውስጥ፣ አንድ ፍጻሜ በወረፋው ላይ ሳለ ሪሴት ሊመጣ፣ መሣሪያው እንደገና ሊዋቀር፣ አዲስ ጽሕፈትም ሊታዘዝ ይችላል፤ ከዚያ የአሮጌው ፍጻሜ ተራው ደርሶ ሲነገር፣ ገና ያልሄደው አዲሱ ጽሕፈት እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል። ይህን ለመከላከል በእያንዳንዱ ሪሴት የሚጨምር የዘመን ቁጥር ከጽሕፈቱ ጋራ ማኖርና ቁጥሩ ያልተስማማውን ፍጻሜ መጣል፣ ወይም በሪሴት ጊዜ ወረፋውን ማጽዳት ያስፈልጋል። ከዚህ ጋራ፣ ኮምፒዩተሩ የኤንድፖይንትን እገዳ ሲያነሣ የፓኬቱ ተራ ምልክት ወደ ዳታ ዜሮ ስለሚመለስ፣ በአሮጌው ምልክት በቋቱ የተቀመጠው ፓኬት በአዲሱ ምልክት እንደገና ሊታዘዝ ይገባል፤ አለዚያ ኮምፒዩተሩ ድጋሚ መስሎት ይጥለዋል፤ መሣሪያው ግን «አክ» ስላገኘ ፍጻሜውን ይመሰክራል። የፍጻሜ ምልክት ከእውነት የሚለይበት አንዱ ስፍራ ይህ ነው፤ ጥፋቱም የፈርምዌሩ እንጂ የምልክቱ አይደለም።

ስለ ፍጥነትና ስለ ምርመራ

በ12 ሜጋቢት ፍጥነት በአንድ ሚሊሴኮንድ ክፈፍ ውስጥ ከፍ ቢል 19 የባልክ ፓኬቶች፣ ማለት 1,216 ባይት ሊያልፍ ይችላል፤ እያንዳንዱ ልውውጥ ከ50 ማይክሮሴኮንድ ብዙም አይበልጥም። በአንድ ቋት ብቻ የሚሠራ ፈርምዌር የፍጻሜውን ምልክት ተቀብሎ ቋቱን እስኪሞላ ድረስ ኮምፒዩተሩ «ናክ» እየሰማ ጊዜው ያልፋል። ሁለት ቋት ያለ እንደ ሆነ ግን አንዱ ሲነሣ ሌላው ይሞላል። ይህ ትርፍ ዋጋ አለው፤ ሁለት ጽሕፈቶች በአንድ ጊዜ በመንገድ ላይ ስለሚሆኑ የትኛው ፍጻሜ የትኛው ጽሕፈት እንደ ሆነ በቅደም ተከተል መመዝገብ የግድ ይሆናል። ስለዚህ ፍጥነት በማያስፈልግበት፣ ለምሳሌ በቁልፍ ሰሌዳ ላይ፣ አንድ ቋት መያዝ የተሻለ ነው።

ለምርመራ በሊኑክስ ላይ ያለው ዩኤስቢሞን፣ ከዋየርሻርክ ጋራም ሆኖ፣ በኮምፒዩተሩ ድራይቨር የሚያልፈውን ጥያቄና መልስ ያሳያል፤ ነገር ግን በገመዱ ላይ የሚያልፈውን «ናክ»ም ሆነ የጠፋውን «አክ» አያይም። እነዚያን ለማየት በገመዱ ላይ የሚገባ የመመርመሪያ መሣሪያ ያስፈልጋል። ይህ መመርመሪያ በሌለበት ጸሐፊው ሊያደርገው የሚገባ ፈተና ግን ለሁሉ የተፈቀደ ነው፤ ወደቡን ሳይከፍቱ መሣሪያውን ማስነሣት፣ በመላክ መካከል ገመዱን መንቀል፣ ልክ 64 ባይትና ብዜቱ የሆነ መልእክት መላክ፣ የሚያነበውን ፕሮግራም ማዘግየት፣ ኮምፒዩተሩን አስተኝቶ መቀስቀስ። እነዚህን አምስቱን ያለፈ ፈርምዌር ከብዙዎቹ ይሻላል።

ፍርድ

ከዚህ ዳሰሳ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። ቺፖቹ በሚሰጡት ምልክት ይለያያሉ፤ ልዩነቱንም መመሪያቸው ይናገራል። ሶፍትዌሮቹ ምልክቱን በሚያደርሱበት መንገድ ይለያያሉ፤ እያንዳንዱም መንገድ የራሱ ስፍራ አለው። ጸንቶ የሚኖረው ግን፣ ጽሕፈት ሁሉ አንድ ፍጻሜ ያስፈልገዋል፣ ፍጻሜውም ምክንያቱን በእውነት መናገር አለበት፣ ከምስክሩም ዐይን በላይ የሆነ ነገር ከእርሱ ሊጠየቅ አይገባም የሚለው ነው። እንግዲህ በዚህ ሥራ ላይ የተሰማራህ አንባቢ ሆይ፣ አዲስ ቺፕ በእጅህ በገባ ጊዜ የመጀመሪያውን መስመር ከመጻፍህ በፊት የመመሪያውን የዩኤስቢ ምዕራፍ ክፈትና የፍጻሜው ምልክት በየትኛው ቅጽበት እንደሚበራ ፈልገህ አንብብ፤ ያነበብኸውንም ከፕሮግራምህ ራስጌ ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፈው፤ ከአንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ሥራህን የሚረዳበት ቁልፍ እርሱ ይሆናልና።